ሰው የሌለበት መታጠፊያ

ሞተር ሳይክል እወዳለሁ፤ የሰው ግፊያ ግን አልችልም። እነዚህ ሁለት ነገሮች አብረው አይሄዱም። ብዙ ሞተር በተሰበሰበበት ሁሉ ከሞተሩ ይልቅ ሰው ይበዛል። ከሞያሌው የሞተር ራሊ ጋር ያሳለፍኳቸው ዓመታት በአብዛኛው ሞተሮቹ ሳያመልጡኝ ከሰዉ የማመልጥበትን መንገድ ስፈልግ ያለፉ ናቸው።

የሞተር ፍቅር ከአባቴ ነው የወረስኩት። አባቴ ከጎጃም ተመልምሎ ነገሌ ጦር ሰፈር የደረሰ ወታደር ሲሆን ሥራው በሞተር መልእክት ማድረስ ነበር። እሑድ እሑድ ከፊቱ ታንከሩ ላይ አስቀምጦ የሰፈሩን አጥር አንድ ዙር ያዞረኛል። መንግሥት ሲለወጥና ጦሩ ሲበተን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እሱ ግን እናቴ የነገሌ ልጅ ስለሆነች እዚያው ቀረ፣ ብስክሌት መጠገንም ጀመረ። ስለ ቀረበት ደመወዝም ሆነ ስለ ማዕረጉ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። በመንገድ ሞተር ሲያልፍ ግን የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጣል። ከዚያ «ካንዴላው ቆሽሿል» ወይም «ካቴናው ላልቷል» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ማዳመጥ ለመድኩ።

የእንስሳት ጤና ተምሬ ነገሌ ስመደብ፣ የገጠር ከብት ለመከተብ የምዞርበት ሞተር ከመሥሪያ ቤቱ ተሰጠኝ። አለቃዬ ሴት ስለሆንኩ እምቢ የምል መስሎት ሌላ ምድብ አዘጋጅቶልኝ ነበር። ሞተሩን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጎህ ሲቀድ ከከተማው ውጪ ወዳለው ሜዳ እየወሰደ በሁለት ሳምንት አስተማረኝ። በዚያ ሰዓት ከእኛና ከጥቂት ግመሎች በቀር ሜዳው ላይ ማንም አይኖርም። ስሳሳት የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ያኔ አላስተዋልኩም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የክትባት ሣጥኑን ከኋላዬ አስሬ በነገሌ ዙሪያ ያለውን የሊበንን ቀይ አፈር ስበላ ኖርኩ። ቀኑን ሙሉ ከሞተሬ ድምፅ ሌላ የማልሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከሥራዬ ሁሉ የምወደውም ያንኑ ነበር።

ያገባሁት ግን ሰው የሚወድ ሰው ነው። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ሠርግ፣ ጥምቀት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የመንደር ስብሰባ፣ ምንም ይሁን ምን ሰው ከተሰበሰበ እሱ መሐል ላይ ይገኛል። ገበያ ልኬው ሁለት ኪሎ ቲማቲም ይዞ ሲመለስ የአምስት ሰው ታሪክ ጨምሮ ያመጣል። ሞተር መንዳት አይችልም፣ ሊማርም አልፈለገም። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የእርዳታ ሠራተኛ አንድ ያገለገለ ሞተር ለራሳችን ከገዛን ወዲህ፣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን በነገሌ ጎዳና እናልፋለን። ሰዎች ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። «ሹፌር ያለው መምህር ከእኔ በቀር ማን አለ?» ይላቸዋል።

የራሊውን ወሬ ያመጣውም እሱ ነው። ወደ ሞያሌ የሚወስደው አዲሱ አስፋልት ካለቀ በኋላ ነበር። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ እንዲሁም ከድንበሩ ማዶ ሞተረኞች በበጋ ሞያሌ ላይ ተሰብስበው ለሁለት ቀን እንደሚሽቀዳደሙ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰምቶ መጣ። በነጋታው ለሁለታችንም ፈቃድ ጠየቅን።

በመልካ ጉባ የዳዋን ወንዝ ተሻግረን፣ በዋጪሌና በአሬሮ አድርገን ያቤሎ አደርን። በማግስቱ በዱብሉቅና በሜጋ በኩል ሞያሌ ስንገባ ውድድሩ ሊጀመር ነበር። ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲህ ያለው ሰው ግን ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው ጢም ብሏል። ባለቤቴ እጄን ይዞ «ተከተይኝ» አለና እንደ ዋናተኛ እየቀዘፈ ገባ። ተከተልኩት። መጀመሪያ ነጠላዬ ከላዬ ወደቀ፣ ቀጥሎ አንድ እግር ጫማዬ፣ ከዚያም የያዘኝ እጅ አመለጠኝ። ከፊቴ ጀርባ፣ ከኋላዬ ደረት ሆነ። ሞተሮቹ ሲያጓሩ ይሰማኛል፣ አንዱንም ግን አላይም። ሰዉ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ እሄዳለሁ፣ ወደ ቀኝ ሲልም እንዲሁ። ከዚያ ትንፋሽ አጠረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ ስለማያውቅ የምሞት መስሎኝ ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ በደንብ አላስታውስም። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በክርኗ መንገድ ስትከፍት ቀሚሷን ይዤ ተከትያታለሁ። ራሴን ያገኘሁት ከሜዳው ጀርባ ካለ ጎሚስታ ቤት በር ላይ፣ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጎሚስታው በጣሳ ውኃ ሰጠኝና ሥራውን ቀጠለ።

ትንፋሼ ሲመለስ ቀና ብዬ አየሁ። ከፊቴ ስድስት የውድድር ሞተሮች ቆመዋል። ጎማቸው የፈነዳ፣ ካቴናቸው የወጣ፣ ፍሪሲዮናቸው የተቃጠለ ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚመጡት። ሞተረኞቹ ሄልሜታቸውን አውልቀው፣ ፊታቸው በአቧራና በላብ ጭቃ ሆኖ፣ ቁጢጥ ብለው ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። አንዱ ሞተሩን አስነሥቶ ምን እንደነካው አልገባ ሲለው «ካርቡራተሩ አየር ይስባል» አልኩት ከተቀመጥኩበት። ዞር ብሎ አየኝ። ያየው አንድ እግር ጫማ ብቻ የተጫማች ሴት ነው። ቢሆንም ፈትቶ አየው፣ እውነትም አየር ይስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ለምን እዚያ እንደተቀመጥኩ አልጠየቀኝም፤ የሚቸገሩበት ነገር ሲገጥማቸው ግን ቀና ብለው ያዩኛል።

ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲፈልገኝ ቆይቶ እዚያ አገኘኝ። የወደቀ ጫማዬን ይዞታል። ደንግጦ ስለነበር መጀመሪያ ተቆጣ።

«ይህን ሁሉ መንገድ ለራሊ መጥተሽ ጎሚስታ ቤት ትቀመጫለሽ?»

«ሞተሮቹ ያሉት እዚህ ነው» አልኩት።

በመመለሻችን ዱብሉቅ ላይ ቆምን። ሻይ ስንጠጣ ያየውን መናገር ጀመረ። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንዳሸነፈ፣ አጠገቡ የነበረው ነጋዴ ምን እያለ እንደሚጮህ አወራልኝ። እኔም ከጎሚስታው በር ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኩት። አንደኛ የወጣው ሞተረኛ ወደ ውድድሩ ከመግባቱ በፊት የፍሬን ገመዱን በሽቦ አስሮ እንደነበር ሲሰማ ሻዩን አስቀመጠ። «ይህንን እኮ እዚያ የነበረ አንድም ሰው አያውቅም» አለ። በዚያው ቀን፣ ከእንግዲህ በየፊናችን እያየን ማታ ማታ ለመገናኘት ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ በተካሄዱት ራሊዎች ሁሉ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ቀድመን እንደርሳለን። ሞተረኞቹ ሜጋ ላይ ነዳጅ ሊቀዱና ከብርዱ ሻይ ሊጠጡ ሲቆሙ ሞተሮቻቸው በረድፍ ይደረደራሉ፣ ያን ጊዜ ተመልካች የለም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ። ሁሉም ስለ ሞተሩ ማውራት ይወዳል፤ በነጋታው ግን ሕዝቡ ከቦት አንድ ቃል አይወጣውም። ምሳ የምበላው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ እያለ ነው። በባዶ ምግብ ቤት እንደ እንግዳ ተከብሬ ሩዝና የፍየል ሥጋ እበላለሁ። ሽልማት ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ግን አንዱም አምልጦት አያውቅም።

ዋናው ውድድር ከከተማው ውጪ ነበር። አስፋልቱ ሲሠራ የተተወው አሮጌ ኮረኮንች መንገድ አለ። ጠዋት ሞተረኞቹ በዚያ መንገድ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጡና ከመነሻው ሲለቀቁ ወደ ሞያሌ እየተሽቀዳደሙ ይመለሳሉ። ሰዉ ሁሉ መጨረሻው ላይ ይከማቻል። እኔ መንገዱን በሞተሬ ተከትዬ ከከተማው አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ያህል ስርቅ አንድ መታጠፊያ አገኘሁ። ከላዩ ትልቅ ግራር፣ ከጎኑ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ቀያይ ኩይሳዎች አሉ። ሞተሮቹ ቁልቁለቱን በሙሉ ጉልበት ወርደው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ይተኛሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ከማያቸው ቀድሞ ድምፃቸው ይመጣል። ከግራሩ ሥር ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ማን ማን እንደሆነ እለያለሁ። ሦስት ራሊ በዚያ ቦታ ብቻዬን አየሁ፤ ከዚያ የተሻለ መዝናኛ ኖሮኝ አያውቅም።

በአራተኛው ብቻዬን አልነበርኩም። ጠዋት ከግራሩ ስደርስ አንድ የቦረና ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከብቶቻቸው ከኩይሳዎቹ ወዲያ ይግጣሉ።

«አካም» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ናጋ» አሉና ጥላውን ከፈል አድርገው አስቀመጡኝ።

የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ አልፎ አልፎ እሳቸው ለእኔ ብለው አማርኛ ይጨምሩበታል። ከነገሌ መምጣቴን፣ ከብት የማክም መሆኔን ስነግራቸው ስለ አንዲት ላማቸው ጡት ጠየቁኝ። ሄጄ አየኋት፤ ማድረግ ያለባቸውን ነገርኳቸው። ተመልሰን ስንቀመጥ ሞተረኞቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ማለፍ ጀመሩ። ሽማግሌው እያንዳንዱን በዓይናቸው ሸኙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እነዚያው እየበረሩ ሲመለሱ ግን ግራ ገባቸው።

«ምን አሳደዳቸው?» አሉ።

ማንም እንዳላሳደዳቸው፣ ሞያሌ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እየተሽቀዳደሙ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ሞያሌ እኮ የትም አይሄድም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሞተሮቹን አየን። እኔ እንደ ልማዴ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የመጨረሻው ሞተር አለፈ። ከኋላ የሚከተለው የአዘጋጆቹ ፒካፕም ዘፈን ከፍቶ፣ በላዩ ሰው ጭኖ አለፈ። አቧራው ሲበተን ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ቆረስኩላቸው። ሽማግሌው ዳቦውን ተቀበሉ፣ አልበሉም ግን። ወደ ላይ ያያሉ።

«ነጩ አልተመለሰም» አሉ።

«የትኛው ነጭ?»

«ቀንዱ ቀይ የሆነው።»

ማለታቸው መሪው ቀይ የሆነ ነጭ ሞተር ነው። ጠዋት ሲያልፍ እኔም አይቼው ነበር፣ ግን ይመለስ አይመለስ ልብ አላልኩም። እሳቸው ግን ማታ መንጋው በረት ሲገባ እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ አይተዋቸዋል። ምናልባት ተበላሽቶበት ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ይሆናል አልኳቸው። «ይሆናል» አሉና ዳቦውን በኪሳቸው ከተው በእግራቸው ወደ ላይ መሄድ ጀመሩ። ሞተሬን አስነሥቼ ደረስኩባቸው። ከኋላዬ ተቀመጡ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ዱካውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አስቆሙኝ። ለእኔ ሁሉም የጎማ ምልክት አንድ ነው፤ እሳቸው ግን ከመንገዱ ወጥቶ በሁለት ኩይሳዎች መሐል የገባውን አንዱን ለይተው አሳዩኝ። ከኩይሳዎቹ ጀርባ ደረቅ ቦይ አለ። ነጩ ሞተር እዚያ ውስጥ ወድቋል፤ ሰውየውም ከሥሩ ነው። ከመንገድ ላይ ምንም አይታይም።

ራሱን አልሳተም። ሞተሩን ሁለት ሆነን ስናነሣ ጥርሱን ነከሰ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ መነጽሩ የተሰበረ ሰው ነው። ግራ ቅልጥሙ ተሰብሯል፤ አጥንቱ ቆዳውን አልቀደደም፣ ጉልበቱ ላይ ግን ይደማል። እንዳይንቀሳቀስ ነግሬ ጫማውን ፈታሁ፣ የእግሩን ጣቶች ነካሁ። ሙቀት አላቸው።

«ሐኪም ነሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«የምን?»

«የከብት።»

«እኔ የጥርስ ነኝ» አለ። «እንግዲህ እግር የሚያውቅ የለም ማለት ነው።»

ያን ሲል ሳቄ መጣ፣ እሱም ሊስቅ ሲል አመመውና ተወው። የሚያስታግስ ነገር ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። በቦርሳዬ ለከብት የሚሆን ነበረኝ፤ ለሰው እንደማልሰጥ ስነግረው የጥርስ ሐኪሙ «ትክክል ነሽ» አለ።

እግሩን ማሰር ነበረብን። ዙሪያው ያለው እንጨት እሾህና ጠማማ ብቻ ነው። ሽማግሌው ጥምጣማቸውን ፈትተው ሰጡኝ። ከዚያ እኔ የማየው በትራቸውን መሆኑን አወቁ። ቀጥ ያለ፣ ብዙ ዘመን በእጅ የተያዘ፣ የለሰለሰ በትር ነው። የቦረና ሽማግሌ በትሩን ለማንም እንደማይሰጥ ስለማውቅ አፌን ሞልቼ መጠየቅ አልቻልኩም። እሳቸው ግን አጋድመው ከእግሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«አትቁረጪው እንጂ እሰሪበት» አሉ።

በጥምጣሙ አሰርኩት። ስልኬን ሳየው ኔትዎርክ የለም። ሽማግሌው ከሰውየው ራስ በላይ ቆመው በልብሳቸው ጥላ ሠሩለት፤ እኔ ወደ ሞያሌ ነዳሁ።

ከመንገዱ መጨረሻ ስቃረብ ሰዉን አየሁት። ከዓመት ዓመት እየበዛ መጥቶ በዚያ ዓመት መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶ ነበር። አምቡላንስ ያለው ከመድረኩ ጀርባ መሆኑን ባለቤቴ ነግሮኛል፤ ወደዚያ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ግን የለም። ፍጥነቴን ቀነስኩ። ትንፋሼ ማጠር እንደ ጀመረ ተሰማኝ። ለመመለስ ያሰብኩበት ቅጽበት እንደነበረ አልደብቅም። ከዚያ ክላክሱን ተጫንኩና ቀጥታ ገባሁ።

የሆነው ያልጠበቅኩት ነው። ሰዉ በአቧራ የተሸፈነች ሴት ከውድድሩ መንገድ ስትመጣ ሲያይ ተወዳዳሪ መሰልኩት። ጭብጨባው ተነሣ። ሰዎች እየተገፋፉ መሐሉን ከፈቱልኝ፤ ሴቶች እልል አሉ። አንድ ሰው ከጎን ውኃ ረጨብኝ። በድምፅ ማጉያው «የመጀመሪያዋ ሴት ተወዳዳሪያችን! ዘግይታም ቢሆን ጨርሳለች!» ሲባል ሰማሁ። «ተወዳዳሪ አይደለሁም፣ ሰው ወድቋል» እያልኩ ብጮህም ጭብጨባው ዋጠው። መጨረሻውን ሳልፍ አንዱ አንገቴ ላይ ሪባን አጠለቀ።

ባለቤቴ እንደ ተለመደው ከአስተዋዋቂው አጠገብ መድረኩ ላይ ነበር። ፊቴን ሲያይ ማጨብጨቡን ተወ። ወርዶ መጣና ጆሮውን ወደ አፌ አስጠጋ። በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። ተመልሶ ወጥቶ ማይክራፎኑን ከአስተዋዋቂው እጅ ወሰደ። በክፍል ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ ነው የተናገረው።

«ይህቺ ተወዳዳሪ አይደለችም፤ ባለቤቴ ናት። አሮጌው መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አለ። አምቡላንሱ እንዲወጣ መንገድ እንክፈት።» ቀጥሎ በኦሮምኛ ደገመው።

ጭብጨባው ቆመ። አምቡላንሱ በባጃጅና በፒካፕ ታጥሮ ነበር። ሹፌሮቹን ለመፈለግ ጊዜ የለም፤ ሰዎቹ ባጃጆቹን እንደ ወንበር በእጃቸው እያነሡ ወደ ዳር አስቀመጧቸው። ፒካፑን አሥር ያህል ሰው ገፍቶ አወጣው። አንድ ጤና መኮንን ከሕዝቡ መሐል ራሱን አስተዋውቆ አምቡላንሱ ውስጥ ገባ። እኔ ብቻዬን ሆኜ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልጨርሰውም ነበር። ያን ጊዜ ስለ ሰው ብዛት ያለኝ አስተያየት ትንሽ ተስተካክሏል፤ ትንፋሼን ግን አላሻሻለውም። ከፊታቸው መንገድ እየመራሁ ወጣሁ።

ስንደርስ ሽማግሌው እንደተውኳቸው ቆመዋል። የጥርስ ሐኪሙ ስለ ከብቶቻቸው እያስወራቸው ነበር፤ እሱ አማርኛ፣ እሳቸው ኦሮምኛ እየተናገሩ ተግባብተዋል። ጤና መኮንኑ እስሩን አይቶ ሆስፒታል እስኪደርስ መፈታት የለበትም አለ። ይህንን ስተረጉምላቸው ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ማዶ ለሚያግድ አንድ ዘመዳቸው ከብቶቹን እንዲይዝ ጮኸው ከነገሩ በኋላ አምቡላንሱ ውስጥ ገቡ። በትራቸው ወደሚሄድበት እሳቸውም ይሄዳሉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሰውየው ራጅ ተነሥቶ፣ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ እስኪያበቃ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ባለቤቴ ሻይና ማንዳዚ የሚባለውን የተጠበሰ ዳቦ አምጥቶላቸው አጠገባቸው ተቀመጠ። ነርሷ በትሩን ስታመጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው ዳሰሱት።

«እግሩም ደህና፣ በትሩም ደህና» አሉና ሄዱ።

የጥርስ ሐኪሙ ሐዋሳ ሄዶ ተጨማሪ ሕክምና አደረገ። ትንሽ ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ አልተወዳደረም፣ ሞተሩን ግን አልሸጠም። በሚቀጥለው ራሊ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ሜጋ ደረሰ፤ ስልክ ተደዋውለን ነበር። ከሞተሩ ጀርባ አንድ የብረት ሣጥን ታስሯል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ነገ ታያለሽ» አለኝ። በማግስቱ ግራሩ ጋ ሄድን፤ ባለቤቴም ሰላምታ ለመስጠት ብሎ አብሮን መጣ። ሽማግሌው እዚያ ነበሩ። ሐኪሙ ካቀፋቸው በኋላ ሣጥኑን ከፈተ፤ የጥርስ ሕክምና ዕቃ ነው። ቦዩ ውስጥ ጥላ ሲሠሩለት አንድ መንጋጋቸው ክፉኛ እንደሚያማቸው አይቶ ነበርና ያንን ሊነቅልላቸው መምጣቱ ነው።

ግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጧቸው፣ መርፌ ወግቶ፣ አደንዝዞ ነቀለው። ሽማግሌው ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው ካዩት በኋላ ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከወንድማቸው ጋር ተመለሱ። ወንድማቸውም ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ አንድ ቤተሰብ በሙሉ መጣ። የዚያን ቀን ሞተሮቹ ሲያልፉ የጥርስ ሐኪሙ ቀና ብሎ ያየው ሦስቱን ብቻ ነው።

ወሬው ተሰማ። በተከታዩ ራሊ ግራሩ ጋ ስንደርስ ሰው ከእኛ ቀድሞ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ነበር። ሻይ የምታፈላ ሴት መጥታለች፣ ሁለት ባጃጅ ቆሟል፣ አንድ ሰው ላስቲክ ወጥሮ ብስኩትና ለስላሳ ይሸጣል። ባለቤቴ ከሞተሩ ወርዶ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየ፤ ፊቱ በራ። ወዲያው ሽማግሌዎችንና እናቶችን ከፊት እያደረገ ሰልፉን ማስተካከል ጀመረ። ወደ ከተማው ሜዳ መሄዱን በዚያው ተወው። ሐኪሙም ደስተኛ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲሠሩ አይቼ እኔን እንደማይፈልጉኝ ገባኝ።

ውድድሩ በድርቁም በጸጥታውም ምክንያት የቀረባቸው ዓመታት ነበሩ። በተካሄደ ቁጥር ግን የግራሩ ሥር ሕዝብ ጨመረ። እኔ ሞተሬን አስነሥቼ መንገዱን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁና አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ሌላ መታጠፊያ አገኘሁ። እንደ መጀመሪያው ጥሩ አይደለም፤ ዛፉ ትንሽ ስለሆነ ጥላው ከእኩለ ቀን በፊት ያልቃል። ሞተሮቹ ግን ከሩቅ ይሰማሉ።

ባለፈው ጊዜ እዚያ ተቀምጬ መጀመሪያ የሚመጣውን ሞተር እየጠበቅኩ ሳለ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከግራሩ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። እዚያ ምን አጡ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እዚያ ሰው በዛ» አሉና ተቀመጡ። ፈቀቅ ብዬ ጥላውን አካፈልኳቸው።